የማህበራዊ ሚዲያ ፖስት ቀጠሮ የሚይዝ መተግበሪያ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ያሉ የንግድ ቤቶችን ገጽ በማስተዳደር ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ባለቤቶቹ ፖስት አስቀድሞ ቀጠሮ የሚይዝላቸው መተግበሪያ ሲፈልጉ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «የትኛው ይሻላል?» ብለው ነው። በእኔ እምነት መተግበሪያው መመዘን ያለበት ከከተማችን ገበያ፣ ሰዓትና ቀን መቁጠሪያ ጋር በመስማማቱ ነው፤ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶችም በአብዛኛው ይህን ከመዘንጋት የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ደንበኛው የትኛው መድረክ ላይ እንዳለ ሳያረጋግጡ መክፈል ነው። የእኛ ሰው ዕቃ የሚያየውና ዋጋ የሚጠይቀው በአብዛኛው በቴሌግራም ሲሆን፣ ከውጭ የሚመጡት ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ግን ቴሌግራምን አያካትቱም። ቴሌግራም ራሱ የመላኪያውን ምልክት ተጭኖ በመያዝ ፖስቱ የሚወጣበትን ቀንና ሰዓት ያለ ምንም ክፍያ ያስመርጣል፤ ለፌስቡክና ለኢንስታግራምም ሜታ ቢዝነስ ስዊት ይኸንኑ ሥራ በነጻ ይሠራል። ሁለትና ሦስት ገጽ ብቻ ያለው ሱቅ ከዚህ ሌላ ላያስፈልገው ይችላል። በግል የፌስቡክ አካውንት የሚሸጥ ነጋዴም ይህን ልብ ሊል ይገባል፤ ፌስቡክ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሌላ ድርጅት መተግበሪያ በግል አካውንት ላይ በራሱ እንዲለጥፍ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ከመተግበሪያው በፊት ፔጅ መክፈት ይቀድማል።

ደጋግሜ ያየሁት ስህተት ግን የሰዓት ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ያለ የአንድ ቁርስ ቤት ሠራተኛ የፉልና የጨጨብሳ ማስታወቂያው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንዲወጣ ፈልጋ ቁጥሩን እንዳለ 2:00 ኤኤም ብላ ሞላችው፤ ፖስቱም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወጣ። በማግስቱ ኤኤም የሚለውን ወደ ፒኤም ስትቀይረው ደግሞ ቁርሱ ካለቀ በኋላ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ሆነ። መሞላት የነበረበት 8:00 ኤኤም ነው። ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም፤ በእኛና በፈረንጆቹ የሰዓት አቆጣጠር መካከል የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው። ስለዚህ የሚመርጡት መተግበሪያ የ24 ሰዓት አጻጻፍን የሚፈቅድ ቢሆን ይመረጣል፤ ከስክሪኑ አጠገብም የሁለቱን ሰዓቶች ማነጻጸሪያ ጽፎ መለጠፍ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

የሰዓት ክልሉም እንዲሁ መታየት አለበት። ትክክለኛው ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የሚቀድመው ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከዝርዝሩ ከጠፋች ናይሮቢን መምረጥ ያው ነው። ቅንብሩ በኒው ዮርክ ወይም በለንደን ላይ ከቀረ፣ እነዚያ ከተሞች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚቀያይሩ ለወራት በትክክል ሲወጣ የቆየ ፖስት ሳይታሰብ በአንድ ሰዓት ይዛነፋል። «በየዓመቱ ድገም» የሚለው አማራጭም ለበዓላት መልካም ምኞት አይታመንም፤ እንቁጣጣሽ ብዙ ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ቢውልም፣ የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች የ2016 አዲስ ዓመት የገባው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፤ በዚያው ዓመት ጥምቀትም ጃንዋሪ 20 ላይ ውሏል።

ሌላው ስህተት ዋጋውን በዶላር አይቶ መወሰን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ፤ በወር 30 ዶላር የሚያስከፍል መተግበሪያም ከ1,700 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ3,600 ብር በላይ ሆነ። ብዙዎች ውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ ይከፍላሉ፤ የዘመዱ ካርድ ጊዜው ሲያልፍ ግን ወረፋ የያዙት ፖስቶች ይቆማሉ፣ ባለ ሱቁም የሚያውቀው ደንበኛ ሲቀዘቅዝበት ነው። ዓመታዊ ክፍያ ቅናሽ ቢኖረውም ቢያንስ ሁለት ወር ሳይሞክሩ መግባት አይገባም።

አማርኛ ሳይጽፉ መሞከርም ስህተት ነው። ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይ አንድ የግዕዝ ፊደል እንደ ሁለት ስለሚቆጠር፣ በነጻ አካውንት ያለው የ280 ፊደል ገደብ ለእኛ ወደ 140 ገደማ ይወርዳል፤ መተግበሪያው ይህን በትክክል ካልቆጠረ ፖስቱ በቀጠሮው ሰዓት ሳይወጣ ይቀራል።

ፓስወርድን ለሠራተኛ መስጠትም በቶሎ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። መተግበሪያው በሱቁ ኢሜይል መከፈትና ለእያንዳንዱ ሰው የተወሰነ ፈቃድ መስጠት መቻል አለበት። በሠራተኛው የግል ስልክ ቁጥር የተከፈተ አካውንት ሠራተኛው ሲለቅ አብሮት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ለማስመለስ የሚደረገው ልመና ለሁለቱም ወገን የሚያሳዝን ነው።

አብዝቼ የምጨነቅበት ግን አሮጌ ፖስቶችን እያዞረ የሚደግመው አገልግሎት ነው፤ ሻጮቹ ጊዜ ቆጣቢ ብለው ያቀርቡታል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳ የተነሡ ሱቆች ነበሩ፤ ከእነዚህ የአንዱ የፖስት ወረፋ፣ ሱቁ ከተዛወረ ከሳምንታት በኋላም የቀድሞውን አድራሻ ይለጥፍ ስለነበር፣ እናቶች ታክሲ ተሳፍረው መጥተው ፍርስራሽ ፊት ቆመው ስልክ ሲደውሉ ሰምቻለሁ። አንድ ክትፎ ቤትም በየሳምንቱ የሚደገም የክትፎ ፎቶ ነበረው፤ ዓቢይ ጾም ሲገባ እንኳ የሚያስቆመው አልነበረም። ሐዘን ወይም ሁከት በሚሆንበት ቀን ደግሞ ኢንተርኔት አዲስ አበባ ላይ ቢቋረጥም ፖስቱ የሚላከው ውጭ አገር ካለ ሰርቨር ነውና የቅናሽ ማስታወቂያው መውጣቱን አያቆምም። ስለዚህ በሙከራው ጊዜ ሌላ ከተማ ወይም አገር ላለ ለሚታመን ሰው ፈቃድ ይስጡና፣ ያ ሰው ስልኩን ብቻ ይዞ ወረፋውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ማስቆም መቻሉን ያረጋግጡ፤ ካልቻለ ሌላ መተግበሪያ ይፈልጉ።