ውሃ የተኛበት ማሳና ግብሩ፦ ገበሬው የሚሠራቸው ስህተቶች

ሐረር ፍርድ ቤት አካባቢ ጃንጥላ ዘርግቼ ራፖር፣ ማለትም የሰው ማመልከቻ፣ እጽፋለሁ። የክስ፣ የፍቺ፣ የውርስ ወረቀት ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። ከጥር በኋላ ግን አንድ ዓይነት ደንበኛ ይበዛል፤ ክረምት ላይ ጎርፍ ወይም ሐይቅ ማሳውን የዋጠበትና በበጋ ግብር የተጠየቀ ገበሬ። አቤቱታው አንድ ነው፦ «ውሃ የወሰደብኝን መሬት ግብር ክፈል ተባልኩ።» አብዛኛው እውነቱን ነው። ጉዳዩ የሚበላሸው ግን እኔ ዘንድ ከመድረሱ ወራት በፊት ነው። ደጋግሜ ያየኋቸውን ልጻፍ።

ውሃው እስኪሸሽ ዝም ማለት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ሌሎቹን ብትዘሏቸው እንኳ ይህን አንብቡት። ጎርፉ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ግብር የሚሰበሰበው ደግሞ ሰብል ከገባ በኋላ፣ በበጋው ነው። በመካከሉ ያለው ፀሐይ ማስረጃውን ሁሉ ይጠጣዋል። ኮሚቴ ወጥቶ ሲያይ የሚጠብቀው የተሰነጠቀ ጭቃና ጭቃው ላይ የበቀለ ሣር ነው። ያን ጊዜ አንዱ አፉን ከፍቶ «ይሄማ ጦሙን ያደረ መሬት ነው» ይላል።

ይህች ቃል ቀላል እንዳትመስላችሁ። በገጠር መሬት ሕጋችን መሬቱን ያለ በቂ ምክንያት ለተከታታይ ዓመታት ሳያርስ ጦሙን ያሳደረ ባለይዞታ የመጠቀም መብቱን ሊያጣ ይችላል። ግብር እንዲቀነስለት የመጣው ሰው መሬቱን ራሱን ሊያስነሳ ነው ማለት ነው። ውሃ የዋጠው ማሳና ባለቤቱ የተወው ማሳ በጥር ወር ሲታዩ መንትያ ናቸው።

ስለዚህ ውሃው ቆሞ ሳለ የቀበሌውን ሊቀ መንበር፣ የግብርና ባለሙያውንና በድንበር የሚያዋስኗችሁን ጎረቤቶች ጥሩ። ቀኑ፣ የተጎዳው ስፋትና የተዘራው ሰብል የተጻፈበት ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ይፈረም፤ ማኅተም ይረፍበት። ኮፒውን እናንተ ያዙ። ፎቶም በስልክ አንሱ፤ ነገር ግን የማይንቀሳቀስ ነገር ይግባበት፤ የመስጊድ ሚናራ፣ የቤታችሁ ጣሪያ፣ የታወቀ ዛፍ። አንድ ጊዜ አንዱ ስልኩን ከፍቶ ዐሥራ ምናምን ፎቶ አሳየኝ። ሁሉም ላይ ያለው ውሃ ብቻ ነው። አቦ፣ ይሄ ሐሮማያ ይሁን ሐዋሳ በምን ይታወቃል?

ሁለቱን ክፍያ አንድ አድርጎ ማየት

ገበሬው «ግብር» ብሎ የሚከፍለው በሕግ ሁለት ነገር ነው። አንዱ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ ነው፤ መሬቱን ስለያዝክ የምትከፍለው። ሌላው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ነው፤ ከመሬቱ ስለምታገኘው ገቢ የምትከፍለው። በደርግ ዘመን በ1968 የወጣው አዋጅ ቁጥር 77 ሁለቱን በአንድ ርእስ ሥር ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 97 ለየብቻ ጠርቶ ሁለቱንም ለክልሎች ሰጥቷል። «ፌዴራል ድረስ እሄዳለሁ» የሚለኝን ሰው የአውቶቡስ ገንዘብህን ያዝ የምለው ለዚህ ነው።

ልዩነቱ የሚጠቅመው ማመልከቻው ላይ ነው። ውሃው የአንድ ክረምት እንግዳ ከሆነና መሬቱ በሚቀጥለው ዓመት የሚታረስ ከሆነ የምንጠይቀው የዚያን ዓመት የገቢ ግብር ምሕረት ነው፤ ሰብል ጠፍቷልና። ጎርፉ ማሳውን ቦርቡሮ ገደል ካደረገው ወይም ሐይቁ ላይመለስ ከተቀመጠበት ግን ነገሩ የአንድ ዓመት አይደለም። መሬቱ እንደገና ተለክቶ በመዝገቡና በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ያለው ስፋት እንዲስተካከል ነው የሚጠየቀው። የመጀመሪያው ወረቀት ገቢዎች ጋ፣ ሁለተኛው መሬት አስተዳደር ጋ ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ ገጽ አጭቆ የሄደ ሰው ከሁለቱም መሥሪያ ቤት «የኛ ሥራ አይደለም» ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ። እውነት ለመናገር አልፈረድኩባቸውም።

ሽማግሌዎች አሁንም «መሬቴ ጠፍ ሆኗል ብለህ ጻፍልኝ» ይሉኛል። ቃሉ የሚወርደው ከንጉሡ ዘመን ነው። ያኔ መሬት ለም፣ ለም-ጠፍና ጠፍ እየተባለ ተመድቦ ግብሩ በምድቡ ይወሰን ነበር። ማሳዬ ተበላሸ ያለ ሰው ምድቤ ይውረድ ማለት ይችል ነበር። ዛሬ የአነስተኛ ገበሬ ክፍያ በአብዛኛው የሚሰላው በስፋት ነው። «ጠፍ ሆነ» ቢባል ልብ ይነካ ይሆናል እንጂ ሒሳቡን አይነካም። ስንት ሄክታር እንደጠፋ ነው የሚጠየቀው።

በጥማድ መጻፍ

ስፋት ካነሳን አይቀር። በእኛ በሐረርጌ ጥማድ፣ ቂንዲም እንለዋለን፣ የሄክታር አንድ ስምንተኛ ነው። በሌላው አገር ብዙ ቦታ ጥማድ ማለት ሩብ ሄክታር ነው፤ እጥፍ። ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ ባለሙያ ይህን ባያውቅ አይፈረድበትም።

አንድ ደንበኛዬ ያለው ይዞታ 4 ጥማድ፣ በደብተሩ ግማሽ ሄክታር ነው። ጎርፍ የወሰደው 2 ጥማድ፣ ማለትም ግማሹን ነው። ማመልከቻውን ሌላ ሰው ጽፎለት «2 ጥማድ» ብቻ ይላል። ሠራተኛው በሚያውቀው መንገድ አሰላው፤ 2 ጥማድ ግማሽ ሄክታር። ደብተሩን ገለጠ፤ ጠቅላላ ይዞታው ግማሽ ሄክታር። «ሙሉ መሬትህ ከጠፋ ባለፈው ሳምንት የሸጥከውን ሽንኩርት የት አበቀልከው?» ብሎ አባረረው። ሰውየው አልዋሸም፤ ግን ከዚያ በኋላ የሚያምነው አጣ። በሄክታር ጻፉ፤ ጥማዱን ከፈለጋችሁ ከጎኑ ጨምሩት።

ሐይቅ የለቀቀውን መሬት ባለቤት አልባ ማድረግ

ሐሮማያን የማያውቅ ሐረሬ የለም። ለአሥርት ዓመታት ጠጥተነዋል። ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ተንጣሎ የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ደረቀ። ምክንያቱ አንድ አልነበረም። ለጫትና ለአትክልት የሚስቡት ሞተሮች፣ ለከተሞቻችን የሚቀዳው ውሃ፣ ከተራቆተው ኮረብታ እየታጠበ የሞላው ደለል፣ ሁሉም ተረባርበውበታል። ከዚያም ከብት ተሰማራበት፣ መኪና ሄደበት፣ ታረሰ። የሐይቅ ደለል ድንች ሲያበቅል ታውቁታላችሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ፣ ተራራው በእርከን ከተሠራና ዝናቡም ከበዛ በኋላ፣ ውሃው ተመለሰ። ሁላችንም ደስ አለን፤ አልጋውን ሲያርሱ የነበሩት ግን ደስታውን እንደኛ አልተካፈሉም።

አንዱ አዛውንት እንዲህ አሉኝ (እዚህ ሐረር አንቺና አንተ እንጂ አንቱ ብዙ አንልም፤ እኚህን ግን አንቱ አልኳቸው)፦ «ሐይቁ ሲደርቅ ተከትዬው ወረድኩ። ሲመለስ ተከትሎኝ ወጣ። ግብሩን ማናችን እንክፈል?»

ሳቅን። መልሱ ግን የሚያስቅ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በ1992 የወጣው የውሃ ሀብት አዋጅ ቁጥር 197 ደግሞ የአገሪቱን ውሃ ሁሉ የጋራ ሀብት አድርጎታል። ሐይቅ ስለደረቀ አልጋው መጀመሪያ ለደረሰ የሚታደል አይሆንም። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 የረግረግ መሬት ብዝሃ ሕይወት እንዲጠበቅ አዝዞ ነበር፤ ይህ አዋጅ አሁን በ1324/2016 ተተክቷል።

እዚህ ላይ ሰው የሚመካው በደረሰኝ ነው። «ግብር ከፍዬበታለሁ» ይላል። በጥንቱ ርስት ዘመን መገበር መብትን ያጸና ነበርና አሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዛሬ ግን ደረሰኝ ገንዘብ መክፈልህን ይመሰክራል እንጂ መሬቱን አይሰጥህም፤ ይዞታን የሚመሰክረው የማረጋገጫ ደብተሩ ነው። ደረሰኙ ደጋፊ ማስረጃ ይሁን፤ ደብተር የሌለውን ግን ለብቻው አያቆምም። ስለዚህ ሐይቅ ዳር ያለ ማሳው በደብተሩ የሰፈረለትን ሰው ወረቀት በደስታ እጽፋለሁ። ውሃውን ተከትሎ የወረደውን ግን «አባ፣ ይሄን ባያነሱት ይሻላል» እላለሁ፤ ራሱ ጽፎ ራሱን መክሰስ ነው የሚሆነው።

ጎርፍን ከካሳ ጋር ማምታታት

በአዋጅ 1161/2011 መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ለዘለቄታው የተወሰደበትና ምትክ መሬት ያልተሰጠው ገበሬ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛ የሆነው ዓመታዊ ገቢው በ15 ተባዝቶ እንደሚከፈለው ሰው ሰምቷል። ይህን ይዞ «ጎርፉ ለወሰደብኝም 15 እጥፍ» የሚል አለ። ካሳው የሚመጣው መንግሥት መሬቱን ሲያስለቅቅ ነው። የሐይቁን ዳር ለመከለል የደብተር ይዞታን ማንሳት ቢፈለግ ያኔ አዋጁ ይጠቀሳል። ዝናብ ግን አዋጅ አያውቅም፤ የእርዳታ ጥያቄ ሌላ መስመር ነው።

በሞተር ውሃን ወደ ጎረቤት መግፋት

አጭር ነው። የውሃ አዋጁ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድንና ባህላዊ መስኖን ከፈቃድ ነጻ አድርጓል፤ ሞተር በዝርዝሩ ውስጥ ስሙ አልተጠራም። ማሳህን ለማድረቅ በሞተር ስበህ የጎረቤትህ ድንች ላይ ከለቀቅክ የግብር ጉዳይህ በአንድ ጀንበር የክስ ጉዳይ ይሆናል።

ድሬ ላይ አሸዋውን መሬት ማለት

ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ዳሩን ያጥርበታል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ግን ከደጋው የወረደው ጎርፍ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ዳሩ ላይ ጎመንና ሰላጣ ተክሎ፣ ጎርፍ ሲወስድበት «የእርሻ መሬቴ» ብሎ የሚያመለክት አይጠፋም። የወንዝ አልጋ ሲደርቅም ወንዝ ነው። ከድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች ደብተር ይዞ የሚመጣው ሌላ ነው፤ የእሱ ጉዳይ ከላይ እንዳልኩት ይሄዳል።

አስተዳደሩን አለመለየት

ከሐረር ተነስታችሁ በታክሲ ትንሽ ስትሄዱ ኦሮሚያ ናችሁ፤ ቁልቁለቱን ስትጨርሱ ደግሞ ድሬዳዋ። ገበያው አንድ ነው፣ መዝገቡ ግን ሦስት። ሐሮማያና አደሌ ሐይቆች ዳር ያለ ማሳ የምሥራቅ ሐረርጌ ነው፤ ሐረር ስለሚገበያይ ሐረሪ ክልል አይከፍልም። የድሬዳዋ ማመልከቻ በአማርኛ ይጻፋል። ሐሮማያ ወረዳ የሚገባው ግን በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ ጽፌ ደጋግሞ ተመልሶብኛል። አሁን እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣብኝ ብሩን አልቀበልም። በቁቤ የሚጽፈው ጓደኛዬ ከእኔ ሁለት ጃንጥላ ወዲያ ነው የሚቀመጠው።