ጀበናው ሳይሰበር ሜሪላንድ የደረሰበት አስተሻሸግ

ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ለምትኖረው እህቴ የላክሁት የሸክላ ጀበና አንገቱ ከሆዱ በሚጋጠምበት ቦታ ተሰብሮ፣ ከስድስቱ ሲኒዎችም ሁለቱ ተሰንጥቀው ደረሱ። የላከችልኝን ፎቶግራፍ ስመለከት ስሕተቴን ተረዳሁ፤ ጀበናውን በጋቢ ብጠቀልለውም በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለውን ክፍተት ባዶ ስለተውሁት፣ ካርቶኑ ሲወድቅ ምቱ ያረፈው በቀጭኑ ክፍል ላይ ነበር።

ዘንድሮ ሌላ ጀበና ስልክላት አስቀድሜ ያንን ክፍተት በተጨማደደ ወረቀት ሞላሁት። ከዚያም አንገቱ እንደ ሆዱ እስኪወፍር ድረስ በፎጣ ጠቅልዬ በትንሽ ካርቶን ካስቀመጥሁት በኋላ፣ ትንሹን ካርቶን በሁሉም በኩል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወረቀት በተጠቀጠቀበት ትልቅ ካርቶን ውስጥ አኖርሁት። ሲኒዎቹን ለየብቻ ጠቀለልኋቸው። ዘግቼ ስወዘውዘው ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር አልተሰማኝም፤ ከሁሉ አብልጬ የምተማመንበት ፈተና ይህ ነው።

የሚከፍተውን ሰው ማሰብም ይገባል። እህቴ ያለ ቢላ እንድትከፍተው የፕላስተሩን ጫፍ አጥፌ ተውሁላት፤ ሲኒዎቹን ከማሸጊያው ወረቀት ጋር እንዳትጥላቸውም በየጥቅሉ ላይ «ሲኒ» ብዬ ጻፍሁ።

ሁሉም በደኅና ደረሰ፤ ጀበናውን አሟሽታ ቡና አፍልታበታለች።