ያረጀ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ከመተኮሱ በፊት እንዴት ይመረመራል? ጥይቱስ በምን ይመረጣል?

ሳጥኑ ላይ 70 ሚሊ ሜትር የሚል የተጻፈበት ጥይት፣ መጉረሻው፣ ማለትም ጥይቱ የሚቀመጥበት የበርሜሉ የኋላ ክፍል፣ 65 ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነ አሮጌ ጠመንጃ ውስጥ ያለ ምንም ትግል ይገባል። ጠመንጃው ይዘጋል፤ ቃታው ሲሳብም ይተኩሳል። አደጋው ያለው ይኼ ሁሉ ያለ ችግር በመሆኑ ላይ ነው። የሚጻፈው ርዝመት ጥይቱ ተተኩሶ አፉ ከተዘረጋ በኋላ ያለው የቀለሃው ርዝመት ነው። ያልተተኮሰው፣ አፉ በኮከብ ቅርጽ ወደ ውስጥ ስለታጠፈ፣ ከዚያ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ያጥራል። ሲተኮስ የታጠፈው አፍ ይዘረጋና መጉረሻው ወደ በርሜሉ የሚጠብበት አንገት ውስጥ ይገባል። እርሳሱና ከኋላው ያለው ክዳን ያንን የጠበበ መንገድ እየጣሱ ሲያልፉ ግፊቱ ከታሰበው በላይ ይወጣል። ስለዚህ በአሮጌ ጠመንጃ ጥይት የሚመረጠው በልኬት እንጂ በመግባቱ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ጠመንጃውን ከፍተው ሁለቱም መጉረሻ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ቀጥሎ የፊተኛውን እንጨት አውልቀው በርሜሎቹን ከሰደፉ ይለዩ። የበርሜሎቹን ሆድ፣ ማለትም ጠመንጃው ሲዘጋ የማይታየውን ጠፍጣፋ የታች ጎን፣ ዘይት በነካ ጨርቅ ይጥረጉት። ጠመንጃው በመፈተኛ ቤት ሲፈተን የተመቱበት ማኅተሞች ያሉት እዚያ ነው።

የቤልጅየሙ ሊዬዥ ማኅተም በእንቁላል ቅርጽ ክብ ውስጥ ያሉ ሦስት ፊደላት፣ ኢ፣ ኤል፣ ጂ ናቸው። ይህ ብቻውን ጠመንጃው ጭስ አልባ ባሩድ፣ ማለትም ከጥቁር ባሩድ በኋላ የመጣውን የዛሬውን የጥይት ባሩድ፣ እንደሚችል አያሳይም። ለጭስ አልባ የተፈተነው የቆመ አንበሳና ከሥሩ ፒ ቪ የሚሉ ፊደላት አሉት። በእንግሊዝ ጠመንጃዎች ላይ የሚፈለገው ቃል «ናይትሮ ፕሩፍ» ነው፤ የለንደንና የበርሚንግሃም መፈተኛ ቤቶች ይህን መምታት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። «ኖት ፎር ቦል» የሚል ካገኙ በርሜሉ እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1887 ባለው ጊዜ የተፈተነና አፈሙዙ ጠበብ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በፍሬዎች ፈንታ አንድ ድፍን እርሳስ ያለው ጥይት አይተኮስበትም፣ የተፈተነውም ለጥቁር ባሩድ ነው። «1⅛ አውንስ» ከተጻፈበት በፈተናው የተፈቀደው ትልቁ የእርሳስ ክብደት 32 ግራም ነው ማለት ነው። ያ ጣሪያ ነው፣ የዕለት ጥይት ክብደት አይደለም።

የጭስ አልባ ማኅተም የሌለው በርሜል ጭስ አልባ ጥይት አይጎርስም። ቀለሃ በቤት የሚሞሉ ሰዎች የሚሠሩት ከባዱ ስሕተትም ከዚሁ ይመነጫል፦ የጥቁር ባሩድን መስፈሪያ በጭስ አልባ ባሩድ መሙላት። ሁለቱ በስፍር አይተካኩም፤ በዚያ መስፈሪያ የተሞላ ጭስ አልባ ባሩድ በርሜሉን ይሰነጥቀዋል።

ማኅተሙ የሚነግረው ጠመንጃው በተፈተነበት ቀን ምን እንደነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነውን የሚያሳየው ልኬት ነው።

መጀመሪያ የመጉረሻው ርዝመት። በብርሃን አቅጣጫ ይዘው ከኋላ ወደ ውስጥ ሲመለከቱ መጉረሻው የሚያበቃበት ቦታ እንደ ጠቆረ ቀለበት ይታያል። እሱን በዓይን መገመት አይበቃም። ለ12 ጌጅ (ጌጅ የበርሜል ስፋት መጠሪያ ነው) የመጉረሻው የፊት ጫፍ ስፋት 20.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ቶርኖ ላይ 20.2 ሚሊ ሜትር የተደረገ አጭር የነሐስ ድፍን በቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ያሠሩ። ቀስ ብለው ሲያስገቡት መጉረሻው መጥበብ በሚጀምርበት ቦታ ይቆማል። ዘንጉ ላይ ከበርሜሉ የኋላ ጠርዝ ጋር ትክክል ምልክት አድርገው እስከ ድፍኑ የፊት ጠርዝ ድረስ በካሊፐር ይለኩ። 65 አካባቢ ከሆነ 65 ወይም ከዚያ ያነሰ ጥይት ብቻ ይገዛል። ሁለቱንም መጉረሻ ለየብቻ ይለኩ፤ አንዱ ብቻ የተሞረደ ጠመንጃ አለ። መጉረሻውን አስሞርዶ ወደ 70 ማስረዘም መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። ሞረዱ ብረት የሚያነሣው ግፊቱ ከፍተኛ ከሆነበት ስፍራ ነው፤ የቀድሞው ፈተናም ዋጋ ያጣል። አይንኩት።

ቀጥሎ የበርሜሉ የውስጥ ስፋት፣ ከኋላ ጠርዙ 23 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ። እ.ኤ.አ. ከ1887 እስከ 1954 በነበረው የእንግሊዝ አጻጻፍ 12 ማለት ከ0.729 ኢንች (18.52 ሚሊ ሜትር) ጀምሮ፣ 12/1 ማለት ከ0.740 ኢንች (18.80 ሚሊ ሜትር) ጀምሮ ነው። 12 የሚል ተመትቶበት ዛሬ 18.80 የሚለካ በርሜል፣ ዝገቱን ለማጥፋት ውስጡ ተፍቆ ከፈተናው ልክ ወጥቷል። እንደ መስታወት የሚያበራ ውስጥ ገዢን ደስ ያሰኛል፤ የግድግዳው ውፍረት ካልተለካ ግን ያ ማብራት ስንት ብረት እንዳስከፈለ አይታወቅም። ውፍረቱ የሚለካው ለዚሁ በተሠራ ረጅም ክንድ ባለው መለኪያ ነው፤ የሌለው ሰው ወደ ጠመንጃ ባለሙያ ይውሰደው። ከመጉረሻው ርቆ፣ እጅግ በሳሳው ቦታ ከ0.5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ በርሜል ከአደን ቢወጣ ይሻላል። መጉረሻውና አንገቱ አካባቢ ደግሞ ከዚህ እጅግ የወፈረ መሆን አለበት።

የውስጡ መልክ እንዲህ ይነበባል። በርሜሉን ወደ መስኮት አዙረው እያሽከረከሩ ሲመለከቱ የብርሃኑ ቀለበቶች ፍጹም ክብ ከሆኑ ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ ጥላው ወደ ውስጥ ከተሰበረ ውጪው ሰርጉዷል። ጥላው በርሜሉን ዙሪያውን ከከበበ ግን በርሜሉ አብጧል፤ አንድ ጊዜ ጭቃ ወይም ጨርቅ ተሰንቅሮበት ተተኩሷል ማለት ነው። የሰረጎደውን ቦታ ባለሙያ ከውስጥ ገፍቶ ይመልሰዋል። ከውጭ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ግድግዳውን በዚያው ቦታ ማሳሳት ነው።

ደማስቆ የሚባለው በርሜል የብረትና የአረብ ብረት ጥብጣብ ተጠማዞ፣ ዘንግ ላይ ተጠቅልሎ፣ በእሳት የተበየደ ነው። ውበቱ ከዚያ ጥምዝ ይመጣል፤ ድካሙም እንዲሁ፣ በብየዳው መስመር መካከል ዝገት ከላይ ሳይታይ ውስጥ ለውስጥ ሊሄድ ይችላልና። ተራ ብረት ላይ የደማስቆ መልክ የታተመባቸውም ስላሉ በመልኩ ብቻ አይፍረዱ።

አሁን የድምፁ ፈተና። በርሜሎቹን ከሥራቸው ባለው መንጠቆ በገመድ አንጠልጥለው በእንጨት እጀታ ቀስ ብለው ይምቷቸው። ጤነኛው እንደ ደወል ረዘም አድርጎ ያስተጋባል። ደነዝ ብሎ ወዲያው ካቆመ ወይም እንደ ስንጥቅ ሸክላ ካንሿሿ፣ ሁለቱን በርሜሎች የሚያያይዘው ረጅሙ ዘንግ በሆነ ቦታ ስታኞው ለቅቋል፤ ውኃ እዚያ ገብቶ ከሥር ያዝጋል።

ጠመንጃውን መልሰው ይግጠሙ፤ የፊተኛውን እንጨት ግን ይተዉት። ዘግተው ሰደፉን ብብት ሥር ይያዙና በርሜሎቹን ወደ ጎንና ወደ ላይ ይወዝውዙ። እጅ የሚሰማው እንቅስቃሴ ሊኖር አይገባም። ወደ ብርሃን ይዘው በበርሜሎቹ ኋላና በመዝጊያው ግንባር መካከል ክፍተት ካዩ ማጠፊያው አልቋል። ይህ በባለሙያ ይጠገናል። መንጠቆው ላይ ቆርቆሮ ወይም ስታኞ ጨምረው ያጠበቁት ጠመንጃ ግን በጥቂት ጥይት ተመልሶ ይላላል።

ቃታዎቹን በባዶ መለማመጃ ጥይት ይፈትኑ፤ ያለ እሱ መሳብ የአሮጌ መምቻ መርፌን ጫፍ ይሰብራል። ሁለቱንም መዶሻ ወጥረው ሰደፉን በመዳፍ ጠንከር አድርገው ይምቱ። አንዱ ከወደቀ፣ ወይም አንዱ ሲተኮስ ሌላው አብሮ ከወረደ ለአደን አይወጣም። መጠበቂያ ቁልፍ ባለባቸው ብዙ ጠመንጃዎች ላይ ቁልፉ የሚይዘው ቃታውን ብቻ ነው፤ መዶሻውን አይይዝም።

የጥይቱ ክብደት ከጠመንጃው ክብደት ጋር ይሄዳል። የድሮ ሠሪዎች መለኪያ ጠመንጃው የእርሳሱን 96 እጥፍ ይመዝን የሚል ነው፤ 2.7 ኪሎ ለሚመዝን 28 ግራም፣ 2.5 ኪሎ ለሚመዝን 26 ግራም። ከዚያ በላይ ሲጨመር ሰደፉ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት፣ ዘይት ጠጥቶ በለሰለሰው ቦታ ላይ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ጠንካራ የብረት ፍሬ የተሞላ ጥይት ለእነዚህ በርሜሎች አይሆንም፤ አፈሙዙ የጠበበበትን ቦታ ያሳብጣል። እርሳስ በተከለከለበት ቦታ ለስላሳው ቢስመዝ ይተካል።

የ20 ጌጅ ጥይት ከ12 ጌጅ ጥይት ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አይግባ። በ12 መጉረሻ ውስጥ አልፎ አንገቱ ላይ ይሰነቀራል፤ ባዶ መስሎት 12 ያጎረሰበት ሰው በርሜሉ በግራ እጁ ላይ ይፈነዳል። 20 ጌጅ ቢጫ የሚቀባው ለዚህ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ተኩሶች በኋላ ቀለሃውን ያንብቡት። አፉ ተበጣጥሶ ወይም ተቃጥሎ ከሳሳ መጉረሻው ለጥይቱ አጥሯል። ቂጡ ላይ ያለው መለኮሻ ወደ ኋላ ካበጠ ጠመንጃው ላልቷል፣ ወይም የቀለሃው ከንፈር የሚያርፍበት ጉድጓድ ጠልቋል። መለኮሻው ከተበሳ የመርፌው ጫፍ ሹል ሆኗል ወይም ግፊቱ በዝቷል። በአደን መካከል ድምፁ ከወትሮው ደከም ካለ ወይም ግፊቱ ትከሻ ላይ ካልተሰማ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገው ትንሽ ይጠብቁ፣ ይክፈቱ፣ ሁለቱንም ጥይት አውጥተው በርሜሉ ውስጥ ሰማይ ይታይ እንደሆነ ይመልከቱ። ክዳኑ መሐል ላይ ቀርቶ ከሆነ በዘንግ ሳይወጣ ሌላ ጥይት አይጎርስ።