ሳቲን ጠርዝ ኩዊልት ላይ ስንሰፋ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ኩዊልት፣ ማለትም ከጨርቅ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ የሚሰራው የአልጋ ልብስ፣ ጊዜ የሚበላ ስራ ነው፣ ቁርጥራጩን ገጣጥሞ መሀል የሚገባውን ሙሌትና የጀርባውን ገበር አብሮ መስፋት ራሱ ትግስት ይጨርሳል፣ ጠርዙ ላይ ሲደረስ ሰው መገላገል ነው የሚፈልገው። ሳቲን ደግሞ ችኮላ አይወድም፣ ያንሸራትታል፣ ስለሚያብረቀርቅም ትንሿ ሽብሽብ ከሩቅ ትታያለች። እዚህ የማወራው ለሁለት ታጥፎ የልብሱን ጠርዝ ከላይም ከታችም አቅፎ ስለሚይዘው፣ ሲታጠፍ 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስፋት ስላለው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሳቲን ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ገና ጨርቁ ሲቆረጥ ይሰራል። የኩዊልቱን ጥጥ ጨርቅ ሳታጥቡ ቆርጣችሁ ከሰፋችሁት መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ፖሊስተር ሳቲኑ ግን ባለበት ይቀራል፣ ያኔ ጠርዙ ከልብሱ ይረዝምና ዙሪያውን ይሞገዳል። ስለዚ ጥጡ ይታጠብ፣ ይተኮስ፣ ከዛ ይቆረጥ።

ሁለተኛው ጠማማ ኩዊልት ላይ ጠርዝ መስፋት ነው። አራቱን ጎን ለክቶ እኩል ነው ማለት አይበቃም፣ ከጥግ ጥግ በሰያፍ ሁለቱንም ለኩ፣ ሁለቱ ልኬቶች ካልተገናኙ ልብሱ ጠሟል ማለት ነው፣ ሳቲኑ አያቃናውም። ገበሩና ሙሌቱ ከላዩ ጨርቅ ጋ እኩል እስኪሆኑ ከርክሙ፣ ከዛ ጠርዙን ዙሪያውን በዚግዛግ፣ ግራና ቀኝ በሚመላለሰው የማሽን ስፌት፣ አንዴ ያዙት።

ልክ አሳንሶ መግዛትም አለ። 150 በ 200 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩዊልት ዙሪያው 700 ነው፣ ለጥጉና ለመደራረቢያው 30 ጨምሩበት፣ 730 ይሆናል።

አሁን ዋናው፣ ሳቲኑን እየጎተቱ መስፋት። ማሽኑ ላይ እጃችን ሳናውቀው ይጎትታል በተለይ ልብሱ ከብዶ ከጠረጴዛው ሲንጠለጠል፣ እየተሰፋ ቀጥ ብሎ ያምራል፣ ከማሽኑ ስር ሲወጣ ግን ሳቲኑ ወደ ቦታው ይመለስና ጠርዙን ይዞት ይሰበሰባል፣ አፉ እንደተሸበበ ከረጢት። እኔ አንዱን ጎን በሙሉ እንደዚ አድርጌ ፈትቼዋለሁ፣ ሳቲን ሲፈታ ደግሞ የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል፣ አይጠፋም። መፍትሄው ልብሱን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ወይ ወንበር ደግፎ ማስቀመጥ፣ ሳቲኑን ሳይወጠር አስተኝቶ በየ 5 ሴንቲ ሜትሩ በመቆንጠጫ መያዝ ነው። ንብርብሩን ከላይም ከታችም እኩል የሚስበው የማሽን እግር ካላችሁ እሱን ግጠሙ፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስፒል ግን ሳቲን መሀል ላይ አትሰኩ፣ ምልክቱ ይቀራል። መርፌውም አዲስ ይሁን፣ ቀጭን 70 ቁጥር፣ የደነዘ መርፌ ክሩን እየመዘዘ መስመር ያወጣበታል።

ሌላው ከታች በኩል ስፌቱ ሳይይዝ መቅረቱ ነው። ከላይ ንጹህ፣ ገልበጥ ስታደርጉት እዚም እዛም አፉን ከፍቷል። ይሄ የሚመጣው ሳቲኑ ልክ እኩል ስለታጠፈ ነው፣ የታችኛውን ከላይኛው በ 2 ወይ 3 ሚሊ ሜትር አስበልጣችሁ እጠፉት፣ የኩዊልቱ ጠርዝም እጥፋቱ ውስጥ እስከመጨረሻው ገብቶ ይንካ፣ ባዶ የቀረ እጥፋት ቶሎ ያልቃል። ከዛ ቶሎ በእጅ ረዣዥም ስፌት ሸልላችሁ ያዙትና በዚግዛግ ስፉት። ይሄ የእጅ ስፌት ጊዜ ያባክናል ብለው የሚዘሉት አሉ፣ እኔ በጭራሽ አልዘልም።

ጥግ ላይ ሳትቆርጡ ዞር ብላችሁ ለመቀጠል አትሞክሩ። እስከ ልብሱ ጫፍ ስፉ፣ ክሩን ቁረጡ፣ ልብሱን አውጡ። ሳቲኑን ወደ ቀጣዩ ጎን ስታዞሩት ትርፉን ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ከፊትም ከኋላም 45 ዲግሪ መስመር ይወጣል፣ በመቆንጠጫ ያዙትና ከጥጉ እንደገና ጀምሩ፣ የሰያፉን መስመር ደግሞ በኋላ በእጅ በድብቅ ስፌት ዝጉት።

መነሻችሁም ጥግ አይሁን፣ ከጎኑ መሀል አካባቢ ጀምሩ። መጨረሻ ላይ የተረፈውን ጫፍ 1.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፋችሁ መነሻው ላይ ደርቡት፣ ጥሬው ጫፍ ከታየ ሳቲን በቶሎ ይተረተራል።

ካውያ ላይ ደግሞ ሙቀቱን ዝቅ፣ ከላይ ስስ ጥጥ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ፖሊስተር ሳቲን በጋለ ካውያ ይቀልጣል፣ መጀመሪያ ቁራጩ ላይ ሞክሩት።