ዱባይ እየሠሩ የቴኒስ ውድድር ስታዲየም ገብቶ ማየት እንዴት ይቻላል?

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከከሚሴ፣ ከሐይቅ ሄዶ ዱባይና ሻርጃ የሚሠራው የወሎ ልጅ ብዙ ነው። የዓለም ምርጥ ቴኒስ ተጫዋቾችም በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ ለዱባይ ቴኒስ ሻምፒዮና (Dubai Duty Free Tennis Championships) እዚያው ዱባይ፣ ከኤርፖርቱ አጠገብ ጋርሁድ ሠፈር ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ የሴቶቹ ሳምንት ነው፣ የወንዶቹ ይከተላል። ስዊዘርላንዳዊው ኮከብ ሮጀር ፌዴረር በ2019 100ኛ ዋንጫውን ያነሳውም እዚህ ነው። ለመግባት ሀብታም መሆን አያስፈልግም። ቀን መምረጥ ማወቅ ግን ግድ ነው።

1. ቀኑን መምረጥ

ገንዘብ በከንቱ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ፍጻሜውን ይመኛል፤ ፍጻሜው ቅዳሜ ነው፣ ትኬቱ ውድ ነው፣ የሚታየው የነጠላ ጨዋታም አንድ ብቻ ነው። በወንዶቹ ድልድል 32 ተጫዋቾች አሉ። የመጀመሪያው ዙር 16 ጨዋታ ሰኞና ማክሰኞ ላይ ስለሚከፋፈል፣ የምትወዱት ተጫዋች በየትኛው ቀን እንደሚወጣ ቀድሞ አይታወቅም። ረቡዕ ሁለተኛው ዙር ነው፣ ሐሙስ አራቱ ሩብ ፍጻሜዎች። እንደኔ ከሆነ ከሐሙስ የሚበልጥ ቀን የለም፤ ደካማው ተሰናብቷል፣ አራት ጠንካራ ጨዋታ በአንድ ቀን ይገኛል።

በሴቶቹ ሳምንት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ከፍተኛ ደረጃ የተሰጣቸው 8 ተጫዋቾች የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፋሉ። እሑድ ኮከቧን ብሎ የገባ አያገኛትም። የዕረፍት ቀናችሁ እሑድ ብቻ ከሆነ ግን አትተዉት፤ ዋጋው ይቀላል፣ ጨዋታው በየሜዳው ስለሆነ ከተጫዋቾቹ ጥቂት እርምጃ ርቃችሁ ትቀመጣላችሁ። ሐሙስን ለመረጠ፣ ፈረቃ መቀየሩንም ሆነ ማዳምን ማስፈቀዱን ሳምንታት ቀደም ብሎ መጨረስ ነው።

የየቀኑ መርሐ ግብር የሚወጣው በዋዜማው ምሽት ነው። ቁርጥ ሰዓት ያለው የመጀመሪያው ጨዋታ ብቻ ነው። ሌሎቹ የፊተኛው ሲያልቅ ይቀጥላሉ፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ «ከዚህ ሰዓት በፊት አይጀመርም» ይባላል። ጨዋታው ከሦስት ሰት (ጨዋታው የሚከፈልበት ትልቁ ክፍል) ሁለቱን በማሸነፍ የሚያልቅ ስለሆነ አንዱ በአንድ ሰዓት ይጠናቀቃል፣ ሌላው ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ሦስተኛውን ጨዋታ ለማየት በግምት አርፍዶ መምጣት አያዋጣም።

የሰዓት ነገርም አለ። ትኬት ላይ 19:00 ካለ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፣ 14:00 ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት። ጓደኛችሁን «ሰባት ሰዓት እንገናኝ» ካላችሁት በቀትር መጥቶ በር ላይ ይጠብቃችኋል። የትኬቱን ፎቶ ላኩለት።

2. ትኬት

ከውድድሩ ይፋዊ ድረ ገጽ ብቻ ግዙ። በቴሌግራም የሚሸጥ የትኬት ስክሪንሾት ለሦስት ሰው ሊሸጥ ይችላል፤ በሩ የሚያስገባው ኮዱን ቀድሞ ያስነበበውን ነው። ትኬቱ የሙሉ ቀን ይሁን የምሽት ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ። ተጫዋቹ ተጎድቶ ቢወጣ ገንዘብ ይመለሳል ብላችሁም አትጠብቁ፤ የገዛችሁት ቀኑን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ውድ ወንበር አያስፈልግም። የወልዲያ ስታዲየም 25,000 ገደማ ሰው ይይዛል፤ ይህ 5,000 ገደማ ነው። ከላይኛው ረድፍም ኳሱ በደንብ ይታያል። ከፊት ረድፍ ይልቅ ከተጫዋቾቹ ጀርባ ያለውን ጫፍ ምረጡ፤ ከጎን ሆኖ ማየት አንገት ያደክማል።

3. መሄጃና መመለሻ

በቀዩ የሜትሮ መስመር ጋርሁድ ጣቢያ ወርዶ የቀረውን በእግር ወይም በአጭር ታክሲ ነው። የሜትሮ መክፈያውን ኖል ካርድ ለመመለሻውም ስትሄዱ ሙሉ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሜትሮው እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል፤ የምሽቱ ሁለተኛ ጨዋታ ሦስተኛ ሰት ከገባ ወይ ተነሱ፣ ወይ የታክሲ ያዙ። ቀን ኮፍያ፣ ማታ ጃኬት፤ ንፋሱ ጋቢ ያስመኛል።

4. ውስጥ

ኳስ በጨዋታ ላይ እያለ ዝም ማለትና አለመንቀሳቀስ ሕግ ነው። ከፍ ያለ ድምፅ ቢሰማ ዳኛው ነጥቡን ሊያስደግም ይችላል። ወደ ወንበር መግባትም ሆነ መውጣት የሚቻለው ብዙውን ጊዜ ተጫዋቾቹ ሜዳ ሲቀያየሩ ነው፤ እሱም ጎደሎ ቁጥር ካለው ጌም (የሰት ትንሹ ክፍል) በኋላ ነው፣ 1፣ 3፣ 5 እያለ። ዕረፍቱ 90 ሴኮንድ ነው፣ ከመጀመሪያው ጌም በኋላ ግን አይቀመጡም። ሽንት ቤት የሚያስኬደው ሰት ሲያልቅ ነው፤ ያኔ 120 ሴኮንድ አለ። ካመለጣችሁ አስተናጋጁ በር ላይ ያቆማችኋል፣ መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም።

በኢሞ ወይም በቦቲም ለቤተሰብ ማሳየቱ ጨዋታው እየሄደ አይሆንም። ድምፁ ይረብሻል፣ ቀጥታ ማስተላለፍም ክልክል ነው። በዕረፍት አጭር ቪዲዮ ቀድቶ መላክ ይቻላል፣ ያለ ፍላሽ።

5. ጾም ከገጠመ

ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ቀደም ብሎ ስለሚመጣ በ2026 ከውድድሩ ጋር ተገናኝቷል፣ በ2027ም ይገናኛል። በፌብሩዋሪ የዱባይ መግሪብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። ስለዚህ የቀኑን ትታችሁ የምሽቱን ያዙ፤ ውጭ አፍጥራችሁ፣ ሰግዳችሁ፣ ተረጋግታችሁ ትገባላችሁ። ዐቢይ ጾም ላይ ያላችሁ ደግሞ ከቤት በልታችሁ ሂዱ፤ ስታዲየም ውስጥ የጾም ምግብ ፍለጋ ድንች ጥብስ ላይ ነው የሚያበቃው፣ ዋጋውም አይቀመስም።