በብርድ ወራት ጣና ላይ ስታጠምዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኅዳር አጋምሶ ጾመ ነቢያት ሲገባ ባሕር ዳር ላይ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል። መንጠቆ ይዞ የወጣ ሰው ግን በዚያው ሰሞን ነው ባዶ እጁን የሚመለሰው። «ዘንድሮ ዓሣው አለቀ» ሲሉ እሰማለሁ። አላለቀም። በርዶት ነው።

ዓሣ እንደ እኛ የራሱን ሙቀት ይዞ አይዞርም። ውሃው ሲቀዘቅዝ አብሮ ይቀዘቅዛል፣ የበላውም ቶሎ አይፈጭለትም። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) በጣም የሚስማማው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሞቅ ውሃ ነው። ከ20 በታች ሲወርድ ምግቡን ይቀንሳል። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ባስ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎችም ይህን ያውቁታል። ድንገተኛ ብርድ በገባ ማግስት ዓሣው አፉን ይዘጋል። የሞቃት አገር ዓሣ ትንሽ ብርድ ትበቃዋለች።

ብዙዎቻችን የምንሠራው የመጀመሪያው ስህተት ጎህ ሳይቀድ መውጣት ነው። በሚያዝያ ትክክል ነው። በታኅሣሥና በጥር ግን የባሕር ዳር ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ዳር ዳሩ ያለው ውሃ ደግሞ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። አንድ ታኅሣሥ ከዘጌ በኩል ከ12 ሰዓት ጀምሮ ተቀምጬ እጄ ደንዝዞ ትሉን መንጠቆ ላይ መሰካት አቃተኝ። በደንገል ታንኳ የሚያልፉ አንድ አዛውንት አዩኝና «ልጄ፣ ዓሣው ሳይነቃ አንተ ነቃህ» አሉኝ። ከ4 ሰዓት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ቆሮሶ መያዝ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ በብርድ ቀን ቁርሴን በልቼ ነው የምወጣው።

ሁለተኛው ከቪዲዮ የመጣ ነው፦ «ሲበርድ ጥልቅ ውሃ ፈልግ» የሚለው። ምክሩ ሐይቁ በረዶ ለሚሠራበት አገር እውነት ነው። እዚያ ከላይ በረዶ ሲሆን ሥሩ ያለው ውሃ ትንሽ ይሞቃል። ጣና ግን ስፋቱ ነው እንጂ ጥልቀቱ ብዙ አይደለም። በጣም ጠለቀ ቢባል 14 ሜትር አካባቢ ነው፣ እሱንም ነፋሱ ከላይ እስከ ታች ያማስለዋል። ስለዚህ ታች የተደበቀ ሙቀት የለም። ቀን ላይ ሙቀት ያለው ዳር ነው። ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው፣ ጥቁር ድንጋይ ያለበት፣ ከሣሩና ከደንገሉ ጥግ ያለ ጥልቀት የሌለው ውሃ ቀድሞ ይሞቃል። ከ5 እስከ 8 ሰዓት እዚያ ሞክሩ። ጥላችሁ ግን ውሃው ላይ አይውደቅ፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ዓሣው ቶሎ ይደነግጣል።

ትልቅ ምግብ መስካትና ቶሎ ቶሎ መጎተትም አለ። የበረደው ዓሣ አያሳድድም። ትሉን አሳጥሩት፣ ሊጡን እንደ ሽምብራ አድርጉት፣ መንጠቆውንም ትንሽ ምረጡ። ከዚያ ተዉት፣ ይቀመጥ። ክሩ ላይ የሚንሳፈፈው ቡሽ እንደ ሞቃቱ ወራት ጭልጥ ብሎ እስኪሰጥም አትጠብቁ፤ ትንሽ ይነቃነቃል ወይም ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ በቃ። ያኔ ቀስ ብላችሁ አንሡ። አምባዛ ለምትፈልጉ ደግሞ ጥሩው ነገር ሽታ ነው። በጢሙ እያሸተተ ስለሚሄድ የዓሣ አንጀት ወይም ጉበት ስጡት።

ነጭ ዓሣ ፈልጎ የግልገል ዓባይ ወንዝ ወደ ሐይቁ መግቢያ ላይ መዋልስ? ነጭ ዓሣው ለመራባት ወንዞቹ አፍ ላይ የሚሰበሰበው በክረምቱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። በታኅሣሥ ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ተበትኗል፣ እዚያ መጠበቅ ድካም ነው። በክረምቱም ቢሆን እንቁላል የተሸከመችውን እዚያ በር ላይ አድብቶ መያዝ የነገውን ዓሣ መጨረስ ነውና እባካችሁ ተዉት።

የመጨረሻው የነፋሱ ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ ጣና ጠዋት ያያችሁት ጣና አይደለም። በብርድ ውሃ ውስጥ እጅና እግር ቶሎ ይዝላል፣ ዋናተኛ ነኝ ማለት አያድንም። የሞገዱ ጫፍ ነጭ አረፋ ማውጣት ሲጀምር ዓሣው እየበላ ቢሆን እንኳ ክራችሁን ሰብስባችሁ ወደ ዳር ቅዘፉ።