የድሮ ጀግና ክንድ አልዞር ሲል
በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የወጡ የኤክስ-ሜን ወይም የባትማን (የኮሚክ መጽሐፍ ጀግኖች) አሻንጉሊቶች የምትሰበስቡ፣ ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ሲገጥማችሁ ክንዱን በጉልበት አታዙሩት። ቀለሙ መገጣጠሚያው ላይ ሊጣበቅ ይችላል፤ ካስገደዳችሁት ትከሻው ውስጥ ያለችው ቀጭን ፕላስቲክ ቀጭ ትላለች፣ ከዚያ ወዲያ ሙጫም ብዙ አያዋጣም።

መገጣጠሚያውን ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩትና (የፈላ አይሁን) ቀስ አድርጋችሁ ወዲያ ወዲህ በሉት። የተጣመመ እግርም በዚሁ ይቃናል፤ ቀጥ አድርጋችሁ እንደያዛችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብትከቱት ቅርጹን ይይዛል። ባትሪ፣ ብሎን ወይም ተለጣፊ ወረቀት ያለበትን ግን ውሃ አታስነኩት፤ የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ይበቃዋል።

ካርቶኑ ያልተከፈተ ካገኛችሁ ደግሞ ብርቅ ነው ብላችሁ ብዙ አትክፈሉ። ያኔ ብዙ ሰው ዋጋው ይጨምራል እያለ ሳይከፍት ስላስቀመጠ፣ ቶይ ቢዝ የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ያወጣቸው ኤክስ-ሜኖች እንደታሸጉ ዛሬም ሞልተዋል።